አሜን እስክል ድረስ

ይድረስ ለአባቴ፤

ከሁሉ በፊት ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? ዓይንዎስ? ባለፈው ደብዳቤ «ጥቁሩ ነጥብ ወደ ግራ ሄዷል» ብለው አስጽፈው ነበር፤ ወደ ግራ መሄዱ መልካም ይሁን ክፉ ሳላውቅ ስንት ቀን በሐሳብ ዋልኩ። እማዬ እንዴት ናት? ሳሉ ለቀቃት ወይስ እንደ ልማዷ «እኔ ደህና ነኝ፣ ጉሮሮዬ ነው እንጂ» እያለች ነው? ወንድሜና ሚስቱስ? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ? ከቤቱ ጀርባ ያለው ግንብ ሆዱን ነፍቷል ያላችሁኝስ ተደገፈ? «የግንበኛ ቤት ግንቡ ዘመመ» እያሉ ጎረቤቶች ሲስቁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ደህና ማለት ይህ ከሆነ ደህና ነኝ።

እህቴ፣ አሁን ለአንቺ ነው። ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ የምታነቢው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ወንበሩን ይዞ መጥቶ እንደሚሰማም አውቃለሁ። እባክሽ እዚህ ላይ ቁሚ። «የቀረው የቤት ጉዳይ ነው» ብለሽ ሸኚያቸው። በሩን ዝጊ። ከአባባና ከእማዬ በቀር ማንም አይስማ። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ሸኘሻቸው?

አባባ፣ ከእኔ ጋር ስለምትሠራው ስለ እትዬ ጨዋታ ከአሁን በፊት ጽፌልዎት ነበር። እኔን እያየች ልቧ ወደ እግዚአብሔር እየቀረበ ነው ብዬ ነበር። እርስዎም ደስ ብሎዎት በጉባኤው መካከል ቆመው ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ጸለየላት። «አሮጊቶቹ በየሳምንቱ ያቺ ሴት እንዴት ሆነች እያሉ ይጠይቁኛል» ብለው አስጻፉልኝ። ያንን ወረቀት አጥፌ በሥራ ልብሴ ኪስ ይዤው እዞራለሁ። ላቡ ፊደሉን እየበላው ነው። ዛሬ እንዴት እንደሆነች ልንገርዎት።

የምሠራበት ላውንድሪ የሆስፒታል አንሶላና ልብስ ያጥባል። በአንድ በኩል እርጥቡ ክፍል አለ፤ እዚያ ወንዶቹ ያጥባሉ፣ ይጨምቃሉ። በሌላው በኩል የእኛ ክፍል ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ይሞቃል፣ መስኮቱን እንፋሎት ስለሚሸፍነው ውጭው ፀሐይ ይሁን ዳመና አይታወቅም። መተኮሻው ማሽን መካከል ላይ ቆሟል። ሁለት ረጃጅም የጋሉ ብረቶች ተደራርበው ይሽከረከራሉ፤ ሁለት ሰዎች ከፊቱ ቆመን የእርጥቡን አንሶላ ሁለት ጫፍ ይዘን በመካከላቸው እናስገባለን። ማጉረስ ነው የምንለው። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ። ማሽኑን የሚያቆመው ቀይ ገመድ የተንጠለጠለው በቀኝ በኩል ብቻ ነው፤ በግራ የቆመች እጇ አይደርስበትም። ለዚህም ነው ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ሁለት ሰው ከሌለ አይነሣም» ተብሎ የተጻፈው። በቀኝ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

በግራ የምትቆመው እትዬ ጨዋታ ናት። እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ አፏ ስለማያርፍ ያወጡላት ነው። በዕድሜ የእማዬ ታናሽ እህት ትሆናለች። ስለ ጎረቤቷ ድመት፣ ስለ ጫማዋ ጥበት፣ ስለ አለቃችን አንገት ስታወራ ትውላለች። «የዚህን ሰውዬ አንገት አግኝቶ ያመጣ ይሸለማል» ስትል አንሶላው ከእጃችን እስኪወድቅ እንስቃለን። ባሏ ሞቷል። ታሞ በተኛ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሦስት ጊዜ እንመጣለን ብለው ሦስቱንም ጊዜ ቀሩ፤ በአራተኛው የመጡት ለቀብሩ ነው። «አምላካችሁን አልጠላሁትም» ትለኝ ነበር። «ቀጠሮ የማያከብሩ ወዳጆች ስላበዛ ነው ቤቱ መሄድ የተውኩት።»

እኔን ደግሞ መነኩሲት ይሉኛል። በየቀኑ አራት ሰዓት ሲሆን ለአሥር ደቂቃ ወደ ንጹሑ አንሶላ መጋዘን እገባና ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ግድግዳውን ዞሬ እጸልይ ነበር። ከእርስዎ የወረስኩት ነው። እርስዎ አራት ሰዓት ሲሆን መዶሻዎን አስቀምጠው፣ የግንቡን ቀጥታ የሚለኩበትን ቱምቢ ከነክሩ ጠቅልለው ኪስዎ ከተው፣ በጀመሩት ግንብ ፊት ይቆሙ ነበር። ያ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነው ባለ ሱቅ እርስዎን እያየ «የዚህ ሰውዬ አምላክ ውሃ ልክ አለው» ያለውን ስንት ጊዜ ነገሩን! ያንን ቃል ስሰማ ነው ያደግሁት። እኔንም አይተው እንዲህ እንዲሉ እፈልግ ነበር። አሁን ሳስበው ከእግዚአብሔር ይልቅ ያንን ባለ ሱቅ ነበር የምፈልገው።

በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ማሽኑ መቆም ነበረበት። አናቆመውም ነበር። እትዬ ጨዋታ «ሂጂ ግድ የለም፣ እኔ የትራስ ልብሱን ብቻዬን ላጉርስ» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ለጸሎቴ ዘብ የቆመልኝ ጸሎት የተወ ሰው ነው። ያኔ ይህን አላሰብኩትም። አሁን ሌላ የማስበው የለኝም።

ከመጋዘኑ ስወጣ ታሾፍብኛለች፤ «ሰውዬሽ ምን አለሽ?» ትላለች። እግዚአብሔርን «ሰውዬሽ» ነው የምትለው። ቀስ በቀስ ግን ማሾፉ ጥያቄ ሆነ። ምን ትይዋለሽ? ዝም ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ? አንድ ቀን አንሶላ ስናጣጥፍ፣ ጫፍ ለጫፍ ስንገናኝ፣ ፊቴን ትክ ብላ አይታ «አንቺን ሳይሽ ሰውዬሽ ክፉ ላይሆን ይችላል እላለሁ» አለችኝ። በዚያ ቀን ነው ደብዳቤ የጻፍኩልዎት።

ረቡዕ ነበር። አንዱ ማድረቂያ ተበላሽቶ ሥራው እንደ ተራራ ተቆልሏል። አራት ሰዓት ሲሆን ጓንቴን ሳወልቅ «ዛሬ እንኳ አሳጥሪው እቴ፤ ሰውዬሽ ሥራ ያውቃል፣ አይከፋውም» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከፋኝ። መጋዘን ገብቼ በሩን ገፋ አደረግሁት። አላሳጠርኩም፤ ትማር ብዬ አስረዘምኩት። የጸለይኩትም ለእሷ ነበር። ስሟን ጠርቼ ልቧን ክፈትላት፣ በእኔ በኩል ራስህን አሳያት አልኩ። በእኔ በኩል። ቃሉ ይህ ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ጠራችኝ።

ሰማሁ፣ አባባ። መነኩሲት አላለችም፤ እናንተ ባወጣችሁልኝ ስም ነው የጠራችኝ። አንዴ። ደግሞ እንደገና። ማሽኑ ይጮኻል፣ በሩ ገጠም ብሏል፣ እሷም ስትጮህ ነው የምትውለው፤ ሰበብ ሞልቷል። ግን ሰምቻለሁ። አሜን ሳልል አልወጣም አልኩ በልቤ። የእግዚአብሔርን ነገር ለሰው ብዬ መሐል ላይ ላቋርጥ? ጨርሼ ነው የወጣሁት። አሜን ብዬ፣ ሻሼን አስተካክዬ።

ስደርስ ከእርጥቡ ክፍል አንዱ አጣቢ ሮጦ ገብቶ ቀዩን ገመድ ስቦታል። ቦቲው ሁልጊዜ ውሃ ስለሚሞላ ጎርፍ የምንለው ሰውዬ ነው። ማሽኑ ቆሟል። እዚያ ክፍል ውስጥ ጸጥታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀኝ እጇን... ስለ እጇ አልጽፍም። አራቱ ጣቶቿ ከእንግዲህ አይታጠፉም። ይህን ብቻ ይወቁ።

አለቃው መጣና «ሁለተኛዋ የት ነበረች?» አለ። አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ነበር፣ ይመኑኝ። እትዬ ጨዋታ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እጇ በእርጥብ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ «ክር አምጪልኝ ብዬ እኔ ነኝ የላክኋት» አለች። «ማቆም ነበረብኝ፤ ቸኮልኩ።» አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም እያልኩ ስመካ ነበር፤ በዚያን ቀንም አልዋሸሁም። ሌላ ሰው ዋሸልኝ፤ እኔ ውሸቱን እንደ ታጠፈ አንሶላ በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ፎርሙ ላይ «ሠራተኛዋ ደንብ ጥሳ ማሽኑን ብቻዋን አንቀሳቅሳለች» ተብሎ ተጻፈ። በግራ እጇ ፈረመች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሠራችበት ቦታ አሰናበቷት።

ለምን ዝም አልኩ? እናንተን አስቤ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ያምራል። እናንተን አላሰብኩም። «ስትጸልይ ነው የሰው እጅ ያስበላችው» ሲሉ ታየኝ። የእግዚአብሔር ስም እንዳይሰደብ ነው አልኩ ለራሴ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለራሱ ሲናገር ድምፁ ከጸሎት ድምፅ አይለይም። ልዩነቱን አሁንም አላውቀውም። ለዚህ ነው የምፈራው።

ሰው ግን አይታለልም። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አራት ሰዓት ላይ የት እንደምገባ ያላየ የለም። በማግስቱ ጎርፍ በበሩ ብቅ ብሎ «መነኩሲት፣ አራት ሰዓት ሆነ እኮ! ገመዱን እኔ ልያዝልሽ?» አለኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ሸሚዝ የምትተኩሰው ልጅ በእኔ ምክንያት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ጀምራ ነበር። ቀረች። ስጠይቃት ዓይኗን ከካውያው ሳታነሣ «ኧረ እኔ ምንም አላልኩም፤ ብቻ እሑድ ልብስ ላጥብ ብዬ ነው» አለች። ስድስት ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት የምትውል ልጅ! ከእኔ ጋር ከመሄድ ሰባተኛውንም ማጠብ መረጠች።

በሦስተኛው ሳምንት ብርቱካን ይዤ እትዬ ጨዋታ ቤት ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፣ የባሏ ኮት አሁንም ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ የምታወራልኝ የጎረቤት ድመት መስኮቱ ላይ ተኝቷል። ያሰብኩትን ያህል ትልቅ አይደለም። ብርቱካኑን መላጥ አልቻለችም። ላጥኩላት። እጄን እያየች «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች፤ «እንዳትዋሺኝ ብቻ። ውሸቱን እኔ ጨርሼዋለሁ። ስጠራሽ ሰምተሽኛል?»

አዎ አልኩ።

«ምን እያልሽው ነበር ታዲያ?»

ነገርኳት። ለአንቺ እየጸለይኩ ነበር፣ ልብሽን እንዲከፍት አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ያችን ማሽን ቤት የምንስቀውን ሳቅ። «ለእኔ?» አለች። ከዚያ ባሏን አነሣች። «እሱ ሲያጣጥር እኔም ጠርቼው ነበር፤ ሰውዬሽን። አይሰማም ብዬ ነበር እስከ ዛሬ የማስበው። ለካ ይሰማል። እንደ አንቺ አሜን እስኪል እየጠበቀ ነው።» ይህን ብላ ብርቱካኗን በላች። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችብኝም። ስወጣ «ልጅ ነሽ፣ አልቀየምሽም፤ መንገዱ ያዳልጣል፣ ተጠንቀቂ» አለችኝ።

ይገባዎታል አባባ? ይቅር ያለችው እኔን ነው። ይቅር ያላለችው እሱን ነው። የእኔን ጥፋት በእሱ ስም ጻፈችው። እኔስ ሁለት ዓመት የራሴን ደግነት በእሱ ስም ስጽፍ ኖሬ የለም? ታዲያ በምን አፌ ልከልክላት?

በሚቀጥለው ሰኞ አለቃው ቢሮ ገብቼ ሁሉን ተናገርኩ። እያቋረጠኝም ቢሆን ሰማኝ፣ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። ከዚያ «አሁን ይህን ብቀይር እሷም በፊርማዋ ዋሽታለች ሊባል ነው፤ የምትፈልጊው ይህንን ነው?» አለ። አንገት የለውም ይሉታል፤ ያን ቀን ግን አንገት ያጣሁት እኔ ነኝ። በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። መሳቢያው ሲዘጋ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ። አምስት ሳምንት ሆነው። የጠራኝ የለም። ቢያባርሩኝ እፎይ እል ነበር። እውነቱን እንኳ ዘግይቼ ስናገረው ለማንም አልጠቀመም፤ ለእኔም ቢሆን። በግራ በኩል አዲስ ሴት ቆማለች። ፈሪ ናት፤ አታወራም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ስወጣ እትዬ ጨዋታ ዘንድ እሄዳለሁ። ልብሷን አጥባለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ በሩን አልከፈተችም ነበር። ቆይታ ቆይታ በስንጥቁ «ብቻሽን ነሽ ወይስ ሰውዬሽም አብሮሽ አለ?» አለች። ብቻዬን ነኝ አልኩ። «እንግዲያው ግቢ» አለች።

ብቻዬን ነኝ አልኩ፣ አባባ። እኔ የእርስዎ ልጅ። ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም። የሚያስፈራኝ እውነት መሆኑ ነው።

አንሶላዋን ስናጣጥፍ በግራ እጇና በአገጯ ትይዘዋለች። ጫፍ ለጫፍ እየሄድን እንገናኛለን፣ እንለያያለን፣ እንደገና እንገናኛለን። ስለ ድመቱ አታወራም። ስለ እሱ አንድ ቃል እንዳላነሣ አስምላኛለች፤ አላነሣም። ከአንድ ቅዳሜ በቀር ቀርቼ አላውቅም፤ ያን ቅዳሜም ታምሜ ነበር። በሚቀጥለው ስሄድ፣ ኮቱ ከተሰቀለበት አጠገብ በግራ እጇ ያሰመረቻቸው የሚመስሉ አራት የከሰል ሰረዞች አየሁ፤ የመጣሁባቸው ቅዳሜዎች ናቸው። አምስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ትቆጥራለች ማለት ነው፤ ስለምታምነኝ አይደለም፤ ስቀር ለመያዝ ነው።

አራት ሰዓት ሲሆን አሁን መጋዘን አልገባም። ቀዩን ገመድ ይዤ እቆማለሁ። ዓይኔን አልጨፍንም፤ የአዲሷን ሴት ጣቶች አያለሁ። ቃል አይመጣልኝም። ይህ ጸሎት ይሁን አይሁን አይንገሩኝ። ጥቅስም አይላኩልኝ፤ የሚልኩልኝን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ በቃል ማወቄ ነው ችግሩ። ለጉባኤው ግን ይንገሩልኝ። ያቺ ሴት እንዴት ሆነች ሲሉዎት «እጇ ተቃጠለ፤ የቃጠሎው ምክንያት የእኔ ልጅ ናት» ይበሏቸው። ያፍሩብኝ። መጸለይ ካለባቸው ለጣቶቿ ይጸልዩ። ለልቧ አይጸልዩ፤ ለልቧ የጸለይኩት እኔ እበቃለሁ።

እህቴ፣ አሁን በሩን ልትከፍቺው ትችያለሽ።

እማዬን ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የላክሁላትን ሹራብ ለእንግዳ ብላ እንዳታስቀምጠው፣ ትልበሰው። ወንድሜን፣ ግንቡ ከመውደቁ በፊት ድጋፍ አቁምለት በዪው፤ ሚስቱን አይዞሽ በያት፤ ሕፃኑን ጥርስ አውጥቶ ከሆነ ጣትሽን እንዳይነክስሽ እየተጠነቀቅሽ ሳሚልኝ። ጎረቤቶቻችንን ወንበራቸውን ይዘው ስለወጡ ይቅርታ ጠይቂልኝ። አንቺንም፣ ይህን ሁሉ በድምፅሽ ስላናገርኩሽ።

በመጨረሻ አባባ፣ ድንጋይ አቀባይዎን ሰላም ይበሉልኝ። ጉልበቱ እንደ እርስዎ ደክሞ ይሆናል። አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እኔ በልጅነቴ እንደማስታውሰው፣ እርስዎ አራት ሰዓት ሲሆን በመጀመሪያ «ውረድ» ይሉት ነበር፤ እሱ ድንጋዩን አስቀምጦ ከመሰላሉ እስኪወርድ፣ እግሩ መሬት እስኪነካ ይጠብቁና ከዚያ ነው ወደ ግንቡ የሚዞሩት። እኔ መቆሙን ወርሼ መሰላሉን ረሳሁ። እውነት እንዲህ ነበር? ከነበረ አንድ መስመር ያስጽፉልኝ። ልጅነቴ አሳምሮት ከሆነ ግን፣ እሱ መሰላል ላይ ድንጋይ ተሸክሞ እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ከነበረ፣ እባክዎ አይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ከላውንድሪው ጀርባ ካለው ክፍሌ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእትዬ ጨዋታ ቤት እንደተመለስኩ
የካቲት 14 ቀን